መጥረቢያ አዳማጩ ዛሃሪያ

ሳፍታ ስታገባው ዛሃሪያ እንደ ማንኛውም የሸለቆው ወንድ ጥድ የሚጥል፣ እሑድ እሑድ ባርኔጣውን ቦርሾ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ሰው ነበር። ጆሮው የታወቀው በኋላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቫትራ ዶርኔይ ገበያ ነው። አንድ ሰው መጥረቢያ ሊገዛ ሲያገላብጥ ዛሃሪያ ተቀበለው፤ በገመድ አንጠለጠለው፤ በሚስማር መታውና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «ይሄ ያለቅሳል፤ ተወው» አለ። ሰውየው ተወው። ሌላ ሰው ገዛውና ሳምንት ሳይሞላ ብረቱ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው ሰው ሰክሮ ድንጋይ ላይ አሳርፎት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ጥሩ ወሬ ማበላሸት ነው።

ከዚያ ወዲህ በሸለቆው ያለ ዛሃሪያ ጆሮ መጥረቢያ የሚገዛ ጠፋ። ገበያ ሲደርስ ወንዶቹ እየመጡ «ጋሼ ዛሃሪያ፣ እስቲ ለእኔም ይስሙልኝ» ይሉታል። እሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ነጋዴዎቹ እንደ ቀራጭ ያዩታል። ሚስማሩን ባርኔጣው ላይ ሰክቶ ነው የሚዞረው። ሲመታው «ጥንንን» ብሎ ረጅም የሚጮኸውን «ይህችን ያዛት» ይላል። አጭር ድምፅ ያለውን ዞር ብሎም አያየውም። ረጅም የሚጮኹት ደግሞ ስስ፣ ቀጭን፣ እጀታቸው የረዘመ፣ ለዓይን የሚያምሩ ናቸው።

እሱ የመረጠው መጥረቢያ ቢበላሽ «እጁ ነው የከዳው» ይላል። ስለዚህ ዛሃሪያ ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ቀን መጠጥ ቤት ውስጥ «ሚስትዎንስ በሚስማር መትተው ነው የመረጧት?» ብለው ቀለዱበት አሉ። «ያን ጊዜ ጆሮዬ ገና አልተከፈተም ነበር» ብሎ መለሰ። ሳፍታ ይህን የሰማችው ከወፍጮ ቤት ነው፤ ወሬውን ያመጣችላት ሴትዮ ሳቋን መጨረስ አቅቷት ዱቄቷን ደፋች። ሳፍታ የዚያን ዕለት የበቆሎ ገንፎውን፣ ማማሊጋውን፣ ያለ ጨው ሠራችለት። እሱም ጨው እንደሌለው አልሰማም፤ ጆሮ እንጂ ምላስ አልተሰጠውም።

መጥረቢያ በጫካ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከተለወጠ ቆይቷል። የሞተር መጋዝ ከመጣ ወዲህ ዛፍ በስለት የሚቆርጥ የለም። ዛፉን ከኋላ ሲገዘግዙት ወደ መጋዙ ተመልሶ እንዳይቀመጥ በቁርጡ ውስጥ ሽብልቅ ይከቱና በመጥረቢያው ጀርባ ይመቱታል። ሽብልቁ በገባ ቁጥር ዛፉ ወደተፈለገበት ያዘነብላል። ሥራው ሁሉ የጀርባ ነው። ስለት ግን ሰው የሚያየው፣ የሚስለው፣ የሚኮራበት ነገር ነው፤ ስለ ጀርባ ማን ያወራል? መዶሻ ይዞ ጫካ የገባውንማ «መንገድ ሠራተኛው መጣ» ብለው ሲስቁበት ይከርማሉ። ስለዚህ መዶሻ የሚያስፈልገውን ሥራ በመጥረቢያ ይሠራሉ፤ መጥረቢያውን ደግሞ እንደ ደወል ይመርጡታል።

ሳፍታ ይህን ሁሉ ታያለች። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋልና የሰለቻት መናገር እንጂ ማየት አይደለም።

በዚያ መከር ከበረቱ ጀርባ ያለውን ትልቁን ጥድ ቅርፊት የሚበላው ጥንዚዛ አደረቀው። ዛፉ ወደ በረቱ ያዘነበለ ነው። በረቱን የሠራው የሳፍታ አባት ነው፤ ለሰርጓ ስጦታ ብሎ። ውስጡ የክረምቱ ድርቆሽ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ ላሟም ልትወልድ ተቃርባለች። በረቱ ከወደቀ ድርቆሹ በበረዶ ይበሰብሳል፤ ላሟም ከጥጃዋ ጋር በርካሽ ትሸጣለች።

«የጎረቤታችንን የኒስቶርን ገመድና መጎተቻ ተዋስ» አለችው።

«ገመድ የሚያስፈልገው ሽብልቅ መምታት ለማያውቅ ነው።»

«ዛሃሪያ፣ የአባቴ በረት ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ መጥረቢያ የመረጥኩለት ሸለቆ ሁሉ እያየኝ በገመድ ልጎትት? ምን ይሉኛል?»

ይሉኝታ ከመጣ ክርክር አለቀ። ሳፍታ ላሟን አውጥታ ፕለም ዛፉ ሥር አሰረቻት። ድርቆሹን ማውጣት ግን አልቻለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዶቹ መጡ። ሥራ ሊያግዙ አይደለም፤ ዛሃሪያ ራሱ የመረጠውን መጥረቢያ ሲሠራበት ሊያዩ ነው። እስከዚያን ቀን ሁሉም በየራሱ ጫካ ይሠራ ነበርና እሱ ሲሠራ ያየ የለም። ጋሪዎቻቸውን ግቢው ውስጥ ደረደሩ፤ ጹይካ የሚሉት የፕለም አረቄ ያለበት ጠርሙስ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዛሃሪያ መጥረቢያውን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አወጣ። ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል።

«ስሙልኝ!» አለና በጣቱ መታው። ጥንንን።

«ወይ ድምፅ!» አሉ።

ዛፉ ከበረቱ ርቆ እንዲወድቅ፣ ከበረቱ ተቃራኒ ባለው መስክ በኩል ጎኑን ከፍቶ ቆረጠለት። ከዚያ በበረቱ በኩል ዞሮ በመጋዝ ገባበት። ሽብልቁን ከተተ፤ መጋዙን አወጣ፤ መጥረቢያውን ገልብጦ በጀርባው መታ። ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። ሽብልቁ ግን ንቅንቅ አላለም።

ደገመ። የመጥረቢያው ጀርባ ጠባብ ነውና ተንሸራቶ የብርቱካንማውን የላስቲክ ሽብልቅ ጫፍ ላጠው። ሦስተኛውን ሊመታ ሲያነሳ ረጅሙ እጀታ ከኋላው ያለውን ዳገት ገጨ። ሽብልቁ ዘሎ ወጣና ሣሩ ላይ ተንከባለለ። መልሶ ከተተው። መታ፤ ጥንንን። ከዚህ በኋላ ብረቱ በእጀታው ላይ መወዛወዝ ጀመረ።

«እንጨቱ ደርቆ ነው። ውኃ ይጠጣ» አለ ዛሃሪያ። መጥረቢያውን ላሟ የምትጠጣበት ገንዳ ውስጥ ነከረው፤ እንጨቱ አብጦ እስኪጠብቅ ክንዱን አጣምሮ ቆመ። ግማሹ የተቆረጠ ዛፍ በበረት ላይ አዘንብሎ ቆሞ እሱ መጥረቢያ ውኃ ያጠጣል። ወንዶቹም ቆሙ። አንዱ «መጠጣቱ ጥሩ ነው» አለና እሱም ጠጣ።

ነፋስ ተነሣ። ከመስኩ ወደ በረቱ ነው የሚነፍሰው። ቁርጡ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ዛፉ እንደታመመ ሰው አቃሰተ።

ሳፍታ ወንዶቹን አየቻቸው። ዛፉን የሚያይ አንድም የለም፤ ሁሉም ጫማውን ያያል። ኒስቶር ደግሞ እጁን ወደ ጋሪው ይሰዳል፣ ይመልሳል፤ ደግሞ ይሰዳል።

«ኒስቶር፣ ጋሪህ ላይ ምን አለ?»

«ምንም፣ እትዬ ሳፍታ።»

«ምንም ከሆነ ለምን ጆንያ አለበስከው?»

«ብርድ ነዋ!»

ሳፍታ ጆንያውን ገፈፈችው። ከሥሩ አንድ መጥረቢያ ተኝቷል። አጭር፣ ወፍራም፣ አስቀያሚ። እጀታው ከክንድ ብዙም አይበልጥም። ጀርባው እንደ መዶሻ ሰፊ ነው፤ ብርቱካንማ የሽብልቅ ቀለም ተለድፎበታል። ሳፍታ ወደ ሌላው ጋሪ ሄደች። እዚያም ጆንያ አለ፤ ከጆንያው ሥር ሌላ ድንክ መጥረቢያ። ሦስተኛው ሰውዬ ጋሪው ላይ ተቀመጠበት።

«ተነሥ።»

«እትዬ፣ ወገቤን ያመኛል።»

«መጥረቢያው ስለወጋህ ነው። ተነሥ!»

«እባክሽ ቀስ በይ፣ ይሰማሻል» አለ ኒስቶር በሹክሹክታ። «የጋሼ ዛሃሪያን ምርጫ አልናቅንም። እቤት ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል፤ የኔዋ ሚስት ጥልፍ ሠርታለታለች። እንግዳ ሲመጣ ድምፁን እናሰማለን። ለሥራ ግን ... ለሥራማ ከባድና ጀርባው የሰፋ ነው የሚያስፈልገው። እጀታው አጭር ካልሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ አያስመታም። ይሄን ደግሞ ሁሉም ያውቃል።»

«እሱ ብቻ ሲቀር?»

«ማን ይንገረው?»

እንግዲህ ሸለቆው ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖሯል። ለአንድ ሰው ጆሮ ክብር ሲባል የአባቷ በረት ሊደረመስ ነው፤ እነሱም በጨዋነት ቆመው ሊያዩ ነው።

ሳፍታ የኒስቶርን ድንክ መጥረቢያ አንስታ ሄደችና ለባሏ ዘረጋችለት።

«የማነው ይሄ?» አለ ዛሃሪያ።

 ወንዶቹ እንደገና ጫማቸውን አዩ።

«የእኔ ነው» አለች ሳፍታ። «የምድጃ እንጨት የምፈልጥበት።»

ዛሃሪያ ሚስማሩን ከባርኔጣው ነቀለና መታው። ዱብ። ወደ ወንዶቹ ዞሮ ፈገግ አለ። «ይሄ መጥረቢያ አይደለም፤ ዱባ ነው።»

«እንግዲያው በዱባው ምታበት! ዛፉ እየመጣብህ ነው!»

እውነትም ቁርጡ ተዘግቶ ሽብልቁን ነክሶት ነበር። ዛሃሪያ ቀና ብሎ የዛፉን ጫፍ አየ፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስማት ይልቅ አየ። ድንኩን ተቀበለና መታ። ዱብ። ሽብልቁ ገባ። ዱብ። ገባ። ዳገቱን አልገጨም፣ አልተንሸራተተም። ጫፉ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ዘገየ፤ ከዚያ እያዘነበለ ሄደ። የቀረው እንጨት ተንጣጣና ጥዱ መስኩ ላይ ተዘረጋ። መሬቱ ተናወጠ። ከበረቱ ጣሪያ አንዲት ያረጀች ጣውላ ብቻ ወደቀች።

 ሁሉም የዛሃሪያን አፍ ይጠብቃል። ኒስቶር ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፤ ቀብር ላይ እንደሚደረገው።

ዛሃሪያ ላቡን ጠረገ። ድንኩን አገላበጠው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አያችሁ?» አለ። «ለሽብልቅ የሚሆን መጥረቢያ መጮህ የለበትም። ጮኸ ማለት ጉልበቱን በአየር ላይ በተነው ማለት ነው። እኔ ይህን ልብ ካልኩ ቆየሁ፤ ዛሬ ላሳያችሁ ብዬ ነው።»

«እውነት ነው፣ ጋሼ!»

«እኛማ ገርሞን ነበር!»

«ሆን ብለው ነዋ!»

ጠርሙሱ እንደገና ዞረ። ከደስታቸው ብዛት ሁለቱ ተቃቀፉ። ዛሃሪያ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝምተኛ ብረት ማስተማር ጀመረ፤ በሚቀጥለው ገበያ ዱብ የሚለውን ብቻ እንደሚመርጥላቸው ቃል ገባ። እነሱም አመሰገኑ።

ሳፍታ ላሟን ልትፈታ ስትሄድ ኒስቶር ተከተላት።

«መጥረቢያዬን ... የአንቺ ነው ካልሽማ ...»

«ነገ ውሰድ። ዛሬ የምድጃ እንጨት እፈልጥበታለሁ፤ ውሸቴ እውነት ይምሰል።» ገመዱን ፈታች። «ኒስቶር፣ የተሰነጠቀ ብረትም እኮ ዱብ ነው የሚለው። አሁን ስንጥቅ ስንጥቁን ሁሉ ሊያስገዛችሁ ነው።»

«እንገዛለና» አለ ኒስቶር። «ግድግዳው ሰፊ ነው።»

«በረቴ ላይ ሊወድቅ ሲል ዝም አላችሁ።»

«በረቱን እኮ መልሰን እንሠራልሽ ነበር፣ እትዬ። የሰው ስም ከፈረሰ ግን ማን ይሠራዋል?»

ከልቡ ነው የተናገረው። ሳፍታ ልትሰድበው አፏን ከፈተችና ድካሟ ቀደማት።

«ላሜ ስም ውስጥ አታድርም» አለችው።

ላሟን እየጎተተች ወደ በረቱ ገባች። ላሟ ሰጋቱራው ሸቷት ደጃፉ ላይ ቆም አለች፤ ሳፍታ በሆዷ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ጥጃው ከውስጥ ሲገፋ ተሰማት። ከዚያ ከቁልሉ ላይ ድርቆሽ መዝዛ ግርግሙ ውስጥ ጣለችላት።