ሲተኩሱበት ጥቁር፣ ሲጽፉት ጠይም

ዶና ጁሲያራ በሳልቫዶር ከተማ፣ ዳገቱ ላይ ባለው ትምህርት ቤት ምግብ በማብሰል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ቦሎቄ ስትቀቅል፣ ሩዝ ስታማስል፣ ለአራት መቶ ሕፃናት ስትጨልፍ ከማንም ጋር ተጣልታ አታውቅም። የሥራ ጓደኛዋ ኔውዛ ግን ያን ማክሰኞ ጋዜጣ ይዤ ወጥ ቤት ከገባሁ ወዲህ የድሮዋን ጁሲያራ ዳግመኛ አላየኋትም ትላለች።

ልጇ አዴይልቶን ከተገደለ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከባልደረባው ከጂልቫን ጋር ቁልቁለቱን ሲወርዱ የፖሊስ መኪና ከታች ብቅ አለ። አዴይልቶን አንድ ሜትር የሚሆነውን የአሉሚኒየም ውሃ ልክ፣ የወለል ማስተካከያ መለኪያውን፣ እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ነበር። “ቁም” ያለው ሰው የለም። ጂልቫን መጀመሪያ የሰማው ጥይቱን ነው፣ ሦስት ጊዜ። እሱም አስፋልቱ ላይ ተደፍቶ “ሠራተኞች ነን፣ ሠራተኞች ነን” እያለ ሲለምን፣ አንደኛው ፖሊስ ውሃ ልኩን በጫማው ጫፍ ገልበጥ አድርጎ አየው።

ፖሊሶቹ “ረጅም መሣሪያ የያዘ ተጠርጣሪ በተኩስ ልውውጥ ሞተ” ብለው ጻፉ። የከተማው ጋዜጣም በማግሥቱ ይህንኑ ቃል በቃል ገለበጠው። የሰፈሩ ሰው ጎማ አቃጥሎ መንገድ ዘጋ፤ የጂልቫን ምስክርነት በሬዲዮ ተሰማ። ያኔ ጋዜጣው ፊት ገጹ ላይ አዲስ ዜና ይዞ ወጣ። ኔውዛ ያመጣችውም እሱን ነው። “ተጠርጣሪ” የሚለው ቀርቶ “ታታሪ ሠራተኛ” ሆኗል። ፎቶው ብርሃን ተጨምሮበት ፈክቷል። ከሥሩም “ጠይሙ ወጣት አዴይልቶን” ይላል።

“እዪው፣ ስሙን አደሱለት” አለች ኔውዛ፣ ልታጽናናት ብላ።

ጁሲያራ ጭልፋዋን አስቀምጣ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“ጠይም ያሉት ማንን ነው?”

“እንዴት ማንን?”

“ልጄን ታውቂው የለ? ‘ከሰሉ መጣ’ እያልሽ ስትቀልጂበት አልነበር? ይሄ ጠይም የሚሉት ማን ነው?”

“ኧረ ተይ ጁ፣ በክፋት አይደለም። አክብረውት እኮ ነው።”

“እሱ ነው ያንገበገበኝ። ለማክበር ቀለሙን መቀየር ነበረባቸው?”

በማግሥቱ ሥራ አስፈቅዳ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ወረደች። ዘበኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ አቆማት። በኋላ አዘጋጁ ሴኞር ኦታቪዮ አስገባት። ለስላሳ ሰው ነው፤ ወንበር ሳበላት፣ ውሃ ቀዳላት።

“ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው፣ ዶና ጁሲያራ።”

“ሐዘኔን ለኔው ይተዉልኝ። ልጄ ጥቁር ነው። ጥቁር ብላችሁ ጻፉልኝ።”

“ቃሉ ትንሽ ይከብዳል፤ ስድብ ይመስላል። ደግሞስ ቀለም ምን ያደርጋል? በዚህ አገር ሁላችንም ቅይጥ ነን።”

“ምንም ካላደረገ ጠይም ብላችሁ ለምን ጻፋችሁ?”

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

“ጂልቫን አስፋልቱ ላይ ተደፍቶ የፖሊስ መኪናውን የመገናኛ ሬዲዮ ሰምቷል” አለች። “‘ሁለት ጥቁሮች’ ነው ያሉት። ሁለት ጠይሞች አላሉም። ሲተኩሱበት ጥቁር ነበር። ጠይም ያደረጋችሁት ከሞተ በኋላ ነው። ምነው፣ ጥይቱ አጠበው?” ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀረ። “ባለፈው ወር ሞባይል የሰረቀውን ልጅ ጥቁር ብለህ ጽፈኸዋል። ለሌባ ሲሆን ቃሉ አልከበደህም?”

ኦታቪዮ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ ወደ እሷ ገፋው። የአዴይልቶን የልደት መዝገብ ቅጂ ነው።

“ከራሳችን ያመጣነው አይደለም። ቀለም በሚለው ቦታ ጠይም ይላል። ያስመዘገቡት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት።”

ጁሲያራ ወረቀቱን አነበበችው። መልሳ ወደ እሱ ገፍታው ተነሥታ ወጣች።

አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም ነገር መጣባት። ልጁ በተወለደ ጊዜ የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ሕፃኑን አየት አድርጋ “ጠይም ልበልልሽ፤ ሲያድግ ይጠቅመዋል” አለቻት። እሷም አመሰገነቻት። ማመስገን ብቻ አይደለም፣ ቤቷ ገብታ ለእናቷ በደስታ አወራች። የራሷም መታወቂያ ጠይም ነው የሚለው፤ የአባቷም እንዲሁ ነበር። ቁጣዋ ወደ ራሷ ዞሮ ሌሊቱን ሲያኝካት አደረ።

ሲነጋ መዝገብ ቤት ሄደች። አሁን ያለችው ጸሐፊ ወጣት ናት።

“እኔን ጥቁር ብለሽ ጻፊኝ።”

“እርግጠኛ ነዎት? ሰው የሚመጣው ቀለሜን ላስነጣ ብሎ ነው።”

“ጻፊ አልኩሽ፣ ልጄ።”

የእሷ በአንድ ቀን አለቀ። የሟች መዝገብ ግን ያለ ዳኛ ትእዛዝ አይነካም ተባለች። ነፃ የሕግ አገልግሎት የምትሰጥ ጠበቃ አግኝታ አራት ጊዜ ፍርድ ቤት ተመላለሰች። አንዴ ዳኛው አልመጣም፣ አንዴ ፋይሉ ጠፋ። ዳኛው በመጨረሻ የልጇን ፎቶ አይቶ “ይሄ ደግሞ ክርክር ያስፈልገዋል?” ብሎ ፈረመ። ሰባት ወር ፈጅቷል።

ወረቀቱን ይዛ ተመልሳ ጋዜጣው ቢሮ ሄደች። ኦታቪዮ በአካል አልወጣም፤ ቅጂውን በዘበኛው በኩል ተቀበላት። ከሳምንት በኋላ አሥራ ስምንተኛው ገጽ ላይ፣ ከጎማ ማስታወቂያ ሥር፣ አራት መስመር ማረሚያ ወጣ። “ጥቁር” ይላል። ኔውዛ ቆርጣ ግድግዳ ላይ ልትለጥፈው ስትል ጁሲያራ ከለከለቻት።

“ፊት ገጽ ላይ ነው የሰደቡት። ከጎማ ሥር ይቅርታ አልቀበልም።”

ፖሊሶቹስ? ሦስት ወር ቢሮ ተቀምጠው ወደ ጥበቃ ተመለሱ። ክሱ ሁለት ጊዜ ተቀጥሯል፤ ገና አልተሰማም። ጂልቫን ያን ቁልቁለት ትቶ በሌላ መንገድ ዞሮ ነው ሥራ የሚሄደው።

ባለፈው ዓርብ ጁሲያራ ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ከተኳሾቹ አንዱን አየች፤ በፎቶ ስለምታውቀው ወዲያው ለየችው። ኮኮናት ሻጩ ጋ ቆሞ የኮኮናት ውሃ ይጠጣል። ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

“የአዴይልቶን እናት ነኝ።”

ሰውየው ስልኩን ማየት ጀመረ።

“ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። ጥቁር ነበር። ትከሻው ላይ የነበረው ውሃ ልክ ነው።”

“እናቴ፣ ዞር በዪልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ” አለ፣ ቀና ሳይል።

“እናትህ አይደለሁም” አለችው። “የማን እናት እንደሆንኩ ነግሬሃለሁ።”

ሰልፍ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ ማየት ጀመረ። ኮኮናት ሻጩ ቢላውን አስቀምጦ እጁን አጣጠፈ። ፖሊሱ ግማሽ ያህሉን ያልጠጣውን ኮኮናት ጥሎ ወደ መኪናው ገባ። ጁሲያራ አውቶቡሷ ቢመጣም አልተሳፈረችም፤ መኪናው ተነሥቶ ከመታጠፊያው እስኪሰወር እዚያው ቆማ ጠበቀች።