ከሳሽ፣ ስድስት ኪሎ

የምሠራው ካዛንቺስ፣ ሊፍቱ ሲፈልግ በሚሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ የጠበቃ ቢሮ ነው። ሥራዬ የክስ ማመልከቻ መጻፍ ስለሆነ ከእናቴ ስም ይልቅ ደጋግሜ የጻፍኩት ቃል «ከሳሽ» ነው። ከሳሽ እንዲህ ትላለች፣ ከሳሽ ይህን ትጠይቃለች፣ ከሳሽ ማስረጃዋን አያይዛለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጻፍኩት። ዘንድሮ ግን ይኸው ቃል በሌላው ትርጉሙ ከሰው አፍ እንዲወጣልኝ ስጠብቅ ከረምኩ። ሳ ላልታ ስትነበብ ፍርድ ቤት የምትመላለስ ሴት ናት። ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ ኪሎ ለቀነሰች ሴት የሚነገር ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ማጥበቅና ማላላቱ ለአንባቢው የተተወ ነው። እኔም ከዚህ የተነሳ ነው ጉድ የሆንኩት።

ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፤ ሞላ ያልኩ ነኝ። እንደኔ ላለች ሴት እዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰላምታ አለ። ትልልቆቹ «ተመችቶሻል» ይላሉ። እኩዮቼ ደግሞ «ማለቴ፣ ጂም ብትጀምሪ እኮ በቃ…» ብለው ቀሪውን ለኔ ይተዉታል። ሁለቱም በፍቅር የሚባል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁለቱም ያመኛል። ቂርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። ምን እንደተመቸኝ የሚነግረኝ ሰው ቢገኝ ደስ ባለኝ።

ሰውየው ከሕንፃችን ሥር ባለው የሱቆች መደዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። ያተመውን የሚያነብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ያየሁት እሱን ብቻ ነው። «እዚህ ጋ ተከሳሹ ሁለት ጊዜ ሞቷል፣ አንዱን አጥፊው» ብሎ ወረቀት የመለሰልኝ ቀን ደረጃውን እስክወጣ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚስተካከል ነገር ባይኖርም ቆሜ አወራው ጀመር። አንድ ጊዜ አግብቶ ፈትቷል፤ ቁጥብ ነው፤ ለሁሉ ነገር መልሱ «እሺ» ነው። የሱቆቹ መደዳ ሊፈርስ ማሽኑን ነቅሎ ወደ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሥር ሲሄድ ሁዳዴ ነበር። መጨረሻ ላይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ፋሲካ ሲያልፍ ምሳ ልጋብዝሽ?» አለኝ።

«እሺ» አልኩት፣ በራሱ ቋንቋ።

ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ደስታዬም እዚያው ቀረ። ከዚህ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጬ ስበላ ራሴን አሰብኩት። ቆሞ በማውራትና ጠረጴዛ ላይ በመቀመጥ መካከል ልዩነት አለ፤ ቆሜ ስሆን ወረቀት ታቅፌ ሆዴን እሸፍናለሁ። ስለዚህ ምሳው ከመድረሱ በፊት ስልሳ አምስት ኪሎ ልገባ ወሰንኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጾም ያከሳል የሚል ሰው ካለ ሁዳዴን አብሮኝ ይጹም። ዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ ዘይቷ ከላይ የምትታይ ሽሮ፤ እግዚአብሔር ይወቀው እንጂ ፋሲካን ሰባ ስምንት ኪሎ ሆኜ ነው የተቀበልኩት። ይህን የነገሩኝ ስታዲየም አጠገብ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ አዛውንት ናቸው። በየአርብ ከሥራ ስወጣ በእግሬ እሳቸው ጋ እወርዳለሁ። ቁጥሩን አላፊ አግዳሚው እስኪሰማ ጮክ ብለው ይናገሩና፣ ፊቴን ሲያዩ ያዝኑልኛል፤ «ከነጫማሽ ነው እኮ» ይሉኛል። ሁልጊዜ እንደዚያው ነው የሚሉኝ፣ ነጠላ ጫማ ያደረግሁ ቀን እንኳን።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሰውየው በቴሌግራም «ምሳው?» አለኝ። ሰባ ስምንት ነበርኩ። «ጾም ነኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም አርብም እንደማይጾም የሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ለስድስት ዓመት የቢሮ ምሳ ግብዣ ማምለጫዬ ይህ ቃል ስለነበር ከጣቴ እንዲሁ ወጣ። «እሺ» አለ። ስለ ምሳ ዳግመኛ አላነሳም። ሳይገባው ያለፈ መስሎኝ ተመስገን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ረሃብ የመጣው። ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቀን ሰላጣ በሎሚ፣ ማታ ሎሚው ብቻ። በአምስተኛው ሳምንት ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገብቶ አዛውንቱ ሰባ ሁለት አሉኝ። ቢሮ ውስጥ ግን ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ሰው ስትወፍሪ በሩ ላይ ሆኖ ይነግርሻል፤ ስትከሺ ዓይኑ ይታወራል። ከሁሉም በላይ የምጠብቀው የአንድ ሰው አፍ ነበር። ማተሚያችን ከተበላሸ ጀምሮ ማመልከቻዎቹን በቴሌግራም እልክለታለሁ፤ አትሞ፣ ጠርዞ፣ ራሱ ይዞ ይመጣል። አንድ ሰኞ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አየኝና የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ተወው፤ ደረጃውን ወረደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የአንዲት የቄራ እናት ክስ ላኩለት። ጎረቤታቸው ሥጋ ቤቱን ሲያሰፋ ወደ በራቸው የሚያስገባውን መተላለፊያ ዘግቶባቸው ነው። ርቦኝ ፊደሎቹ እየተደራረቡ ይታዩኝ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልእክት መጣ። መጀመሪያ አንድ ፎቶ ነው፤ በኔትዎርኩ ምክንያት አልከፈት ብሎ ክቧ ትሽከረከራለች። ከሥሩ አንድ ቃል አለ።

«ከሳሽ?»

ከወንበሬ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ትናንት ሊል የፈለገው ይህን ነበር ማለት ነው፤ አፍሮ ነው፤ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ነው። «ታወቀ እንዴ?» ብዬ ጽፌ አጠፋሁ፤ ልመና ይመስላል። «ትንሽ» ብዬ አጠፋሁ፤ አምስት ሳምንት ተርቤ ትንሽ አይባልም። በመጨረሻ ሳላበዛ፣ ሳላሳንስ እውነቱን ላኩለት።

«ስድስት ኪሎ»

«እሺ» አለኝ።

ስድስት ኪሎ ለቀነሰች ሴት እሺ ይባላል? ከሰዓት በኋላ ጥራዞቹን ይዞ ሲመጣ ቀበቶዬን አጥብቄ ጠበቅሁት። «ሁሉም ተስተካክሏል» ብሎኝ ሄደ። በንዴትና በደስታ መካከል ሆኜ የመጀመሪያውን ገጽ ሳላነብ መዝገብ ቤት አስገባሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

በሳምንቱ የቄራዋ እናት ጥራዙን በፌስታል ይዘው አራት ፎቅ ወጥተው መጡ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ አነጋገራቸው የሚያሳርፍ። ያን ቀን ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ልጄ፣ እኔን መቼ ነው ያነሱኝ?» አሉኝ።

«ማን አነሳዎት እማማ?»

«መዝገብ ቤቱ ‹ወረቀቱ ስድስት ኪሎ ነዋሪ ይላል፣ መታወቂያዎ ቂርቆስ፣ ቄራ ይላል› ብሎ መለሰኝ። ሰዉ ሁሉ ለልማት ከቤቱ እየተነሳ ነው፤ እኔም ሳልሰማ አንስተውኝ ይሆን ብዬ ወላሂ ቤቴ እስካሁን መኖሩን አይቼ ነው የመጣሁ።»

አለቃዬ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከክፍላቸው ወጥተው ገጹን አዩት። የከሳሽ አድራሻ፣ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ። ጋሼ በፊደል ስህተት የሚታመሙ ሰው ናቸው። ወዲያው ጎተራ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ደውለው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት።

«አድራሻውን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ሰውየው። «የላከችልኝ ላይ የከሳሽ አድራሻ ባዶ ነበር። ገጹን ፎቶ አንስቼ ላኩላትና ‹ከሳሽ?› ብዬ ጠየቅኋት። ስድስት ኪሎ አለችኝ። ይኸው እዚህ አለ።»

ከሳሽ ሲል ሳን አላልቶ ነው። እንደ ፍርድ ቤት ሰው።

መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ የሚባለው ነገር እውነት እንዲሆን የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ስድስት ኪሎን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ውሸት ፈለግሁ። ሰነዱ ተቀያይሮብኝ ነው ልል ነበር። ግን እማማ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቤታቸው መኖሩን አይተው የመጡ ሴት፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እሳቸውን ማታለል አልሆነልኝም።

«ክብደት ነው» አልኩ።

«የምን ክብደት?»

«የኔ። ከሳሽ ወይ ያለኝ መስሎኝ ነው።» ሳን አጠበቅኋት።

ጋሼ ጠረጴዛውን እያዩ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «እንኳን ሁለት ኪሎ ጨምረሽ ቀነስሽ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አራት ኪሎ ብትዪ ኖሮ መጥሪያው ቤተ መንግሥት ነበር የሚሄደው።»

እማማ አልሳቁም። ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙት፤ የሸሚዜን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ለካ አደረጉት።

«እውነትም ከሳሽ» አሉ። «ምነው ልጄ? አሞሻል?»

አምስት ሳምንት የጠበቅሁት ቃል በትክክል ጠብቆ፣ ስልኩም ሳይዘጋ፣ እንደዚያ ሆኖ መጣ። ለቅሶ ላይ እንደሚባል ቃል ነው የተባለው። አላመመኝም ልላቸው ነበር፤ አለቀስኩ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉኛል፣ የተሳሳተባቸው የሳቸው ወረቀት ሆኖ ሳለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰውየው የተስተካከለውን ጥራዝ ይዞ መጣ። ሊፍቱ ቆሟል፤ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ማለፍ እችል ነበር፤ አላለፍኩም። እሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ከጎኑ፣ ወረቀቱን ሆዴ ላይ ታቅፌ።

«አንብቢው» አለኝ። አነበብኩት። የከሳሽ አድራሻ፣ አዲስ አበባ፣ ቄራ።

«መክሳቴን አላየህም ማለት ነው?» አልኩት።

አሰበ። ይህ ሰው ለማስደሰት ብሎ የሚናገረው ነገር የለውም። «አላየሁም» አለ።

ተናደድኩ። ለማይታይ ነገር ነው እንግዲህ አምስት ሳምንት ራሴን ያዞረኝ። ከንዴቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እፎይታ ይመስላል። እሱ ስድስቱን ኪሎ ካላየው፣ ያ የምፈራው የቀረው ሰባት ኪሎም አይታየው ይሆናል።

«ያን ሰኞ ልትለኝ የነበረው ታዲያ ምንድን ነው?»

«መሳቅ ለምን ተውሽ ልልሽ ነበር። ድሮ ወረቀት ስትቀበዪኝ ሳትስቂ አትሄጂም። አሁን ትወስጂና ትሄጃለሽ። በቃ ከኔ እየሸሸች ነው አልኩ።» ከዚያ ጨመረ፤ «በሃምሳው ጾም ነኝ ያልሽኝ ቀንም ገብቶኝ ነበር። አልፈልግህም ላለማለት ነው ብዬ ነው እሺ ያልኩት። ሌላ ምን ልበል?»

ለካ እኔ ስራብለት እሱ የተገፋ መስሎት ከርሟል። ያን ጊዜ ስላደረግሁት ነገር አፈርኩ፤ ስለ ሰውነቴ ግን አልነበረም። ስንት ዓመት ራሴን ከስሼ፣ ራሴ ላይ ፈርጄ፣ ተከሳሿ እንኳን መልስ እንድትሰጥ ዕድል አልሰጠኋትም። ይባስ ብዬ ፍርዱን እሱ ላይ አስፈጸምኩት።

«አልሸሸሁም» አልኩት። «ስልሳ አምስት ኪሎ እስክገባ ብዬ ነው። እንደዚህ ሆኜ ፊትህ ተቀምጬ መብላት አፍሬ ነው።»

«እሺ» አለ። ከዚያ ሰዓቱን አየና «ሃምሳው ሊያልቅ አራት ቀን ነው የቀረው፤ ከዚያ ጾም ይገባል» አለ። ወደኔ አልዞረም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ወረቀቱን ከሆዴ ላይ አንስቼ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ከሚዛኑ አዛውንት በቀር ማንም፣ እናቴም የማታውቀውን ቁጥር ልነግረው ፈለግሁ። ካልነገርኩት ምሳው ላይ ሁለታችን መካከል ሆኖ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።

«ሰባ ሁለት ነኝ» አልኩት።

በዚያ ስታዲየም አጠገብ አልፎ እንደሆነ፣ ወይም ሰው ሁሉ እንዲህ ይል እንደሆነ፣ እስከዛሬ አልጠየቅሁትም። ቀና ብሎ አየኝና እንደ አድራሻ የሚመዘግብ ሰው ረጋ ብሎ ጠየቀኝ።

«ከነጫማሽ?»

ሳቄ ደረጃውን ሞላው፤ ጋሼ ከላይ ምን ተፈጠረ ብለው በሩን ከፈቱ።

«ከነጫማዬ» አልኩት፣ ተነስተንም ምሳ ልንበላ ወረድን።