የበረኪናው ልክ

መካነ ሰላም ባለችው ሱቄ ሳሙና፣ ጨው፣ ሻማና በረኪና እሸጣለሁ። በረኪናው ከደሴ በጀሪካን ይመጣል፤ እኔ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ገልብጬ በጣሳ እየቀዳሁ እቸበችባለሁ። በርሜሉ ተሟጦ አያውቅም። እኛ ዕቃ አናራቁትም፤ ለበረካ ተብሎ ከሥሩ ይተርፋል፣ አዲሱ በላዩ ይጨመራል። ጥንካሬውን የምለካው በአፍንጫዬ ነው። እኔን ካስለቀሰኝ ጥሩ ነው፤ ካላስለቀሰኝ ደንበኛዬን ያስለቅሳል።

አንድ ጊዜ አምጪው "የዚህኛው ጥንካሬ አስር ነው" ብሎ አወረደልኝ። የፊተኛው አምስት ነበር። በትራፊው ላይ ገለበጥኩት። አስርና አምስት አስራ አምስት ነው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሳምንቱን ሙሉ "አስራ አምስት ነው፣ በጠብታ ተጠቀሙ" እያልኩ ሸጥኩ። የገዙኝ ሴቶች ተመልሰው መጡ።

"ልብሱ እንደቆሸሸ ነው። አስራ አምስትህን አንተው ታጠብበት!"

ይህ ሳይበርድ ጎረቤቴ፣ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ፣ ጋቢ በክንዳቸው ጣል አድርገው ገቡ። ሟች ባለቤታቸው የፈተሉት ነው፤ በዕድሜ ወይቧል። በልጃቸው ኒካህ ቀን አስነጥተው ሊለብሱት አስበዋል።

"ለዚህ ስንት ጣሳ ይበቃዋል?"

"ሼሁ፣ ነገ ልንገርዎ።"

"አንተ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገበያ ለነገ የምታሳድረው?"

ለሌላ ሰው ቢሆን "አንድ ጣሳ" ብዬ በሸኘሁ ነበር። በረኪናው ቢሳሳ ሳይነጣ ይቀራል፤ ቢበረታ ግን ጋቢው ይበሳል። ደግመው የሚፈትሉት ባለቤታቸው ደግሞ የሉም።

ግቢዬ ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምር ተከራይ አለች። ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ይዤ የበርሜሉንም የጋቢውንም ነገር ነገርኳት።

"ጋሼ፣ አስርና አምስት ሲቀላቀል በመሃላቸው ነው የሚሆነው። እኩል እኩል ከሆነ ሰባት ተኩል።"

"የቀረው የት ገባ?"

"የትም አልገባም። የሚያነጣው መድኃኒትም ተደምሯል፣ ውሃውም ተደምሯል።"

"ከተደመረ ታዲያ ለምን አነሰ?"

"ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ ሲቀላቀል ምን ይሆናል?"

"ሰርገኛ።"

"ዋጋውስ?"

"በመሃል።"

"በቃ፣ እሱ ነው።"

የገባኝ መሰለኝ። "እሺ፣ ውሃ ብጨምርበትስ?"

"መድኃኒቱ ያው ነው፣ ልኩ ግን ይቀንሳል።"

እዚህ ላይ እንደገና ጠፋሁ። ያው ከሆነ ምኑ ነው የቀነሰው? "ጤፍ ላይ አሸዋ እንደመጨመር ማለት ነው?" አልኳት።

"እሱን እንኳ እርስዎ ያውቃሉ" አለችና ጠየቀችኝ፤ "ለመሆኑ አዲሱ ሲጨመር በርሜሉ ውስጥ ስንት ሊትር ነበር?"

"እኔ እንጃ። ለበረካ የተረፈው ነው። ከሥሩ ያለው የአምና ነው፣ ከሱ ሥር ያለው የካቻምና።"

ሆዷን ይዛ ሳቀች። "በረኪና እኮ ሲቆይ ይደክማል! እንግዲህ የዚህን ልክ እኔም አላውቀውም። ከጋቢው ክር መዝዘው ይሞክሩት።"

በማግስቱ ሼሁ ሲመጡ "ልኩን አላውቀውም" አልኳቸው። ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። በክር እንድንሞክረውም ነገርኳቸው።

"አብሽር" አሉና ከጋቢው ጫፍ አንድ ክር መዘዙ። በብርጭቆ በረኪና ውስጥ ነከርነው። ቆይተን ስናወጣው እንደ ወተት ነጥቷል። ሼሁ ፈገግ ብለው በሁለት ጣታቸው ሳብ አደረጉት። ተበጠሰ።

"በረኪናው ነው ወይስ እርጅናው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ያልተነከረ ክር ስበን እንየው?"

"ተው አንተ! ክር በክር ልትጨርሰው ነው እንዴ?" ብለው ጋቢውን አጣጥፈው ወጡ።

በኒካሁ ቀን እንደወየበ ለብሰውት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ "ምነው ሼሁ፣ በረኪና የሚሸጥ ጠፋ?" ሲሏቸው ሰማሁ።

"የሚሸጥስ ነበር" አሉ፣ ወደ እኔ እያዩ።