ኦቦ ጉዳ ወጥቶ ይሆን?

ያን ቀን በቤቱ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ኦቦ ለሚ፣ ልብስ ሰፊውና የጌም ቤቱ ባለቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። ከመጋረጃው ወዲህ አራት ነን። ቶሎሳ፣ በጊንጪና በአምቦ መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ ረዳት፣ በዕድሜም በክንድም ከሁላችን የሚበልጥ። ፈይሳ፣ ደንግጦም ቢሆን የሚስቅ የሰፈራችን ልጅ። ዳዊት፣ አባቱ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህር። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ብዙ ስለማልናገር ዱዳው ይሉኝ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አጥብቄ የምጽፈው፣ ነገሩን ያነሳሁለት ሰው ሁሉ «እኔም እኮ ነበርኩ» ስለሚለኝ ነው።

ሰሞኑን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ ዓሣ ያጠምዳል።

«አጎቴ፣ ካርድ ሙላልኝ» አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ለምንህ?»

«ለትል። ዘንጉን በነጻ ሰጥተውኝ ነበር፤ ትሉ ግን በካርድ ሆነ።»

ሳቅሁ። ወዲያው ክሩ ተወጠረበትና ጥርሱን ነክሶ አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ ሲጫን አየሁ። ሳቄ እዚያው ቆመ። ተነስቼ ወደ ግቢ ወጣሁና ዝናብ ሊመጣ እንደሆነ ሰማዩን የማይ መስዬ ቆምኩ።

የኦቦ ለሚ ቤት ከአምቦ መናኸሪያ ብዙም አይርቅም ነበር። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች፤ ገብተን ስንቀመጥ ልብሳችን የጭስና የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይገባል። ከኋላ ክፍል ሁለት ቴሌቪዥን ነበረ። በዚያ ክረምት አንዱን መብረቅ አቃጠለው። አንድ ቴሌቪዥን ለአንድ ሰፈር ጎረምሳ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

የዓሣውን ጌም ኦቦ ለሚ የገዙት ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ አይተው ኳስ መስሏቸው ነው። ጽሑፉን ከመካከላችን የሚያነብ አልነበረም። ፈይሳ የጃፓን ነው ይላል፣ የቻይናም ሊሆን ይችላል። እኛ የምናውቀው በቦታው ነው፤ ከላይ የመጀመሪያው መስመር ጀልባ፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ፣ ታችኛው መውጫ። ኳስ ተጫዋቾቹ አንድ ቀን ሞክረው ጣሉት። ዳዊት ብቻ ቀረበት። እኔ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ።

ሲያዩት ነጻ ነገር ይመስላል። ሐይቅ አለ፣ ዘንግ አለ፣ ትወረውራለህ። ቆይቶ ነው የሚገባህ። ያዝክም አልያዝክ ጀልባው ኪራዩን ይቆርጣል። ሱቋ ውስጥ ያለችው አሮጊት ትንሹን ዓሣ የምትገዛህ ከአንድ ትል ባነሰ ዋጋ ነው። ስለዚህ ዓሣ ሸጠህ ትል ትገዛለህ፣ ትሉን ዓሣ በልቶት ይሄዳል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ዘንጉ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ያልቃል እንጂ ማለቁን አይነግርህም። ለትንንሾቹ አይሰበርም፤ ትልቁ ሲመጣ ይሰበራል። ይህን ሁሉ እኔና ዳዊት በዓይን አጠናነው። እሱ ይጎትታል፣ እኔ ከዳር ያለችውን የክር ምልክት እየተከታተልኩ ስትቀላ «ልቀቅ»፣ ስትነጣ «ሳብ» እለዋለሁ። ወፍራሙን ክር እስክንገዛ ክረምቱ ሊያልቅ ደረሰ።

በሐይቁ መካከል ትንሽ ደሴት ነበረች። ከሥሯ አንድ ጥቁር ጥላ ይዞራል፤ ስንት ዘንግ እንደሰበረብን አሁን አላስታውስም። ስሙን ኦቦ ጉዳ አልነው። ጉዳ በኦሮምኛ ትልቅ ማለት ነው፤ እንዲያው ትልቅ ከምንለው በማዕረጉ እንጥራው ብለን ነው። ካደግሁ በኋላ ወንጪ ወርጄ ሐይቁን ሳይ፣ ሰዎቹ ስለ ደሴቱ ገዳም ሲነግሩኝ እኔ በውኃው ሥር ጥላ እፈልግ ነበር።

የቤቱ ሕግ ሁለት ነው። በኳስ የተሸነፈ ይነሳል። ዓሣ ላይ ተሸናፊ ስለሌለ ደግሞ ክሩ የተበጠሰበት ይነሳ ተባለ። ይህን ያወጡት ኳስ ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ክር ቶሎ ስለሚበጠስ ቶሎ የሚገላገሉን መስሏቸው። ዳዊት ግን እየቆየ ክር አይበጠስበትም ጀመር። ሁለተኛው ሕግ የኦቦ ለሚ የራሳቸው ነበር። በዚያ ክረምት የመዘምራን ልብስ ይሰፉ ስለነበር፣ ሊለኩ በሚመጡት ሰዎች ፊት ጩኸት አይወዱም። ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ማን ማንን እንደመታ አያዩም፤ የሚሰሙት ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ «ነምኒ ኢዬ ኒ ባኣ» አሉ፤ የጮኸ ይወጣል። የመታ አላሉም። ጆይስቲክ የነጠቀማ ለዘለዓለም አይገባም።

በዚህ ምክንያት የዚያ ቤት ድብደባ ድምፅ አልነበረውም። ክርን በጎን ይገባል፣ ተረከዝ ቅልጥም ላይ ያርፋል፣ ከወለሉ የተለቀመ የልብስ ስፌት ስፒል በሱሪ ላይ ይሰካል። ተመቺው ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል፤ ከጮኸ ተራው ለመቺው ነው። እንባው እየወረደ ጎል የሚያገባ ልጅ አይቻለሁ። ውጪ በአማርኛና በኦሮምኛ የምንሰዳደብ፣ ድንጋይ የምንወራወር ልጆች እዚያ ስንገባ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንጎዳዳው።

ነሐሴ ላይ ነው። የዳዊት አባት ተዛውረው ዕቃቸው አይሱዙ ላይ እየተጫነ ነበር። በር ላይ አንዱን ጥብስ በቆሎ ለሁለት ሰብረን ስንበላ ዳዊት እንዲህ አለኝ፦

«ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ዛሬ ካልወጣ ለእኔ አይወጣም።»

ክረምቱን ሙሉ ዓሣ አስጋሪው እየተባለ፣ ኦሮምኛው ተሰባበረ ተብሎ እየተሳቀበት፣ የቀረችው ያቺ አንድ ነገር ነበረች። እኔም እንደ እሱ ፈልጌያት ነበር።

ገና ጀልባውን ወደ ደሴቷ ስንወስድ ቶሎሳ ገባ። ርሷል። ዓይኑ ሥር አብጧል፤ ሹፌሩ ተሳፋሪ ፊት በጥፊ እንደመታው ፈይሳ አስቀድሞ ሰምቶ ነግሮን ነበር።

«ተነስ፣ ዓሣ አስጋሪው። ሹፌሩ ምሳውን እስኪጨርስ አንድ ኳስ ልጫወት።»

«ክሩ አልተበጠሰም» አለ ዳዊት።

«ይበጠሳላ!»

«ዛሬን እንኳ ተወው ቶሌ» አለ ፈይሳ። «ነገ መንገደኛ ነው፤ ለስንቁ አንድ ዓሣ ይያዝ።»

ይህን ሲል ዘንጉ ተቆለመመ። ጥቁሩ ጥላ ከደሴቷ ሥር ወጥቶ መስመር ሠራ።

«ኦቦ ጉዳ ነው» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

ቶሎሳ መጋረጃውን አየ። ከዚያ አጠገባችን ቁጭ አለና በክርኑ የዳዊትን ጎን መታ። ዳዊት ታጠፈ፤ ጣቱ ግን ከቁልፉ አልተነሳም።

«ጩህ» አለው ቶሎሳ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። «ጩህና ተገላገል።»

«ዱዳው፣ ክሩን እየው» አለ ዳዊት።

«ቀይ ነው። ልቀቅ። ልቀቅ። አሁን ሳብ።»

ሁለተኛው ምት እዚያው ቦታ አረፈ። ሦስተኛው ላይ ዳዊት ከንፈሩን ነከሰና ደሙ አገጩ ላይ ወረደ። ከመጋረጃው ወዲያ ስፌት መኪናዋ በድንገት ቆመች። አራታችንም ደረቅን። ቶሎሳ እንኳ ቡጢውን አየር ላይ ይዞ ቀረ። የሚሰማው የቆርቆሮው ዝናብና የሁሉቃ ወንዝ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ኦቦ ለሚ ክር ቀይረው ኖሯል፤ መኪናዋ ቀጠለች፣ ቡጢውም ወረደ።

ከዚያ ቶሎሳ ወለሉን ዳሰስ አድርጎ ስፒል አገኘ። የዳዊት ጭን ላይ ሰካው፣ አወጣው፣ እንደገና ሰካው። ካኪ ሱሪው ላይ ትንንሽ የደም ነጥቦች ወጡ።

«ዺሲ! ተወው በቃ!» አለ ፈይሳ፣ ግን እሱም በሹክሹክታ ነው፣ ደግሞም እየሳቀ ነው።

«ሳብ» አልኩ እኔ። ዓሣው ከውኃው በላይ አንዴ ተገለበጠ። ሆዱ ነጭ ነበር፤ ነጭ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅነው።

ቶሎሳ ጆይስቲኩን መንካት አይችልም። ስለዚህ ሥራ የሌላትን ጣት መረጠ፤ የዳዊትን የግራ እጅ ማርያም ጣት። ከጆይስቲኩ ላይ ነጥሎ ያዛት፣ ወደ ኋላ ይገፋት ጀመር።

«ጩህ! አንድ ጊዜ ብቻ ጩህ፣ ምን አለበት?» ድምፁ ልመና ይመስል ነበር።

ዳዊት ቴሌቪዥኑን እያየ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ጣቷ ተሰበረች። ድምፁን ብዙ ጊዜ ከምን ጋር እንደማመሳስለው አስቤያለሁ፤ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ጉልበት ላይ ሲሰበር ነው። የዳዊት አፍ ተከፈተ። ምንም አልወጣም።

የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ስፌት መኪናዋ ቆመች። «ዱዳው!» አለ ፈይሳና እየሳቀ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ጠፋ። ኦቦ ለሚ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ መጋረጃውን ገለጡ።

«ማን ነው የጮኸው?»

«ኦቦ፣ ጣቱን…»

«አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ግን ጣቱን…»

«ባኢ! ውጣ!»

ማጅራቴን ይዘው እየገፉ ወደ በሩ ሲወስዱኝ አንገቴን አዙሬ ያየሁት የመጨረሻ ነገር የዳዊት ጀርባና የተቆለመመው ዘንግ ነው። አራቱ ጣቶቹ ቁልፉ ላይ ነበሩ፣ አንዷ ወደማይሆን አቅጣጫ ቆማለች። ክሩ ቀይ ነበር። በሩ ተዘጋ። መኪናዋ እንደገና መስፋት ጀመረች፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በረዶ ይጥል ነበር። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ፤ ከበረዶው ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም። ድንጋይ አንስቼ ጠበቅሁ። ከመናኸሪያው የአውቶቡስ ጥሩምባ ሲጮህ ቶሎሳ እየሮጠ ወጣ። ድንጋዩን ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ዞር ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ በእግሩ መታኝ፤ ቦዩ ውስጥ ወደቅሁና ቅንድቤ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተገናኘ። በቆሎ የምትጠብሰው ሴት አንስታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ተሰፍቼ ስመለስ ጨልሟል። በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሳ አይሱዙው ሄዷል።

ቶሎሳን ከብዙ ዓመት በኋላ ጊንጪ አገኘሁት። እሱ ራሱ ሹፌር ሆኗል፤ ረዳቱን በስሙ ሲጠራው ሰማሁ። ቅንድቤን አይቶ አወቀኝና ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ሌላ ነገር ትንሽ ካወራን በኋላ ጠየቅሁት።

«ዓሣው ወጣ?»

«እኔ ቴሌቪዥኑን መች አየሁት!» አለ፤ «ጣቱን ነበር የማየው።» መዳፉን ገልብጦ ተመለከተ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

ኦቦ ለሚ ሳልጠይቃቸው አርፈዋል። ፈይሳ የት እንዳለ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እሑድ ከግቢ ስመለስ የእህቴ ልጅ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮታል። «አመለጠኝ» አለ፣ ወዲያው ደግሞ እናቱን ምሳ ደረሰ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀናሁበት ማለት ይቻላል። ለእኔ ያ ክር አሁንም እንደተወጠረ ነው።

ዳዊት፣ ይህን ካነበብክ፣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጣትህ ተቃንቶ እንደሆነ ነበር። ፈይሳ፣ አንተም ከመጋረጃው ሥር ተመልሰህ አይተህ እንደሆነ ንገረኝ። እኔ ከመውጣቴ በፊት ያለውን እንዳየሁት ጽፌዋለሁ፦ ክሩ ቀይ ነበር፣ አልተበጠሰም። የቀረውን የነበረ ሰው ይጨምርበት።