አስተናግሩ ላይ የተተከለው ድንኳን

አስተናግርን ማንም ዘርቶት አያውቅም። ፍርስራሽ የተደፋበት፣ ከብት የዋለበት፣ ሰው የናቀው ቦታ ካገኘ ራሱ ይበቅላል። ዓለም ባንክ ሰፈር ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባዶ መሬት ደግሞ ሦስቱንም ያሟላ ነበር። ቀን ሲያዩት ቅጠሉ የሚከረፋ ተራ አረም ነው። ሲመሻሽ ግን ተጠቅልሎ የዋለው ነጭ አበባ ይከፈታል፤ ሽታውም ይለወጥና የእሳት እራቶች ይከቡታል።

እናቴን ከቤት ያስወጣት የነበረው ይህ አበባ ብቻ ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ የነበረው ቤታችን ለመንገድ ሲፈርስ ወደዚህ መጣን፤ እሷም በር ዘግታ ተቀመጠች። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስላት ጉልበቴን፣ ጎረቤት እንጠይቅ ስላት ራሴን ትላለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በመስኮት አይታው "ያ ነጭ ነገር ደግሞ ምንድን ነው?" አለችና ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በርጩማ እያወጣሁላት ደጅ መቀመጥ ለመደች። እኔም እፎይ ብዬ ወደ ጓዳዬ።

እፎይታዬን የሰፈሩ ሰው አልወደደውም። "ያሳብዳል፣ ይነቀል!" አሉ። እውነት ነው፣ ፍሬው መርዝ ነው፤ ለልጆቻቸው ቢፈሩ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ እሁድ እሁድ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ እሾሃሙን ፍሬ ሳይበስል እለቅም ጀመር። አላፊ አግዳሚው ይስቅብኛል። አንዱን ነቅዬ ግቢያችን ውስጥ ባልዲ ላይ ብተክለው በማግስቱ ጠወለገ። ጥቁር አፈር ገዝቼ፣ ውኃ አጠጥቼ! ቆሻሻ ላይ የሚንቀባረር አረም እኔ ጋ ሲደርስ መሞቱ አንጀቴን አሳረረው። በጽዳት ዘመቻ ቀን ደግሞ ማጭድ ከያዙት ጋር ተጨቃጭቄ "የአረም ጠበቃ" የሚል ስም አተረፍኩ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባዶው መሬት ላይ የእድር ድንኳን ተተክሏል። ከታች በኩል የሚኖሩ አንድ አባት አርፈው ነው። አስተናግሩ ከሥሩ ተመንጥሮ አጥር ሥር ተከምሯል። ደሜ ፈላ። ግን ምን ይባላል? ለቅሶ ላይ ስለ አረም የሚከራከር ሰው የት አገር አለ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ላልፍ ነበር፤ አላስችል አለኝና ገመድ የሚያስሩትን የእድሩን ሰውዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?" አልኳቸው።

"እኛማ መንገዱ ዳር ልንተክለው ነበር" አሉኝ። "እናትሽ ናቸው 'ሜዳው ላይ ይሻላል፣ ያን አረም መንጥሩት' ያሉን።"

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ እናቴ ከሟች ሚስት አጠገብ ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች። ከዚያ በፊት ሰላም ብላቸው አታውቅም። ንፍሮ ሲታደል ተነስታ አብራ ታድላለች። ጉልበቴን ስትለኝ የከረመችው ሴትዮ!

ወደ ደጅ ስትወጣ ጠብቄ ያዝኳት።

"እማዬ፣ እንዴት አንቺ ታስቆርጪዋለሽ? ከሰው የተጣላሁት ላንቺ ብዬ አይደል?"

"ሰው ሞቶ ስለ አበባ ታወሪያለሽ? አበባ የማየው እኮ የማየው ሰው ባጣ ነው።"

"እኔስ? ሰው አይደለሁም?"

"አንቺማ" አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "በርጩማ ታወጪልኛለሽ እንጂ መች አብረሽኝ ተቀመጥሽ?" ብላኝ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።