ሳይለቀስላት የመጣችው ውባንቺ

ይታየሽ እህቷን ያየቻት በጠራራ ፀሐይ ነው። ከገበያ ስትመለስ፣ እስራኤል አገር ሻአሪያ ሰፈር ካለው ሕንፃቸው ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ውባንቺ ቁጭ ብላለች። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃለች። ይታየሽ ፌስታሉ ከእጇ አመለጣት፤ ቲማቲሙ እየተንከባለለ መኪና መንገድ ገባ። ውባንቺ እኮ ጎንደር ናት፤ ወደ እስራኤል ትመጫለሽ እየተባለች ስትጠብቅ ፀጉሯ የሸበተ። ደረስሽልኝ እንዴ ብላ ስትጠጋ ወንበሩ ባዶ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ደጋግማ አየቻት። ሁልጊዜ እዚያው፣ ሁልጊዜ ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ።

ወንዱ ለሚባለው ልጇ ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ግን ሳቅ አለና የደም ግፊቱ ክኒን ነው፣ እንዲህ ያደርጋል አላት። በማግስቱ አንድ ጢማም የሃይማኖት ሰው ይዞ መጥቶ የበሩን መዙዛ፣ ቤት ይጠብቃል ተብሎ መቃኑ ላይ የሚሰቀለውን የጸሎት ጽሑፍ፣ አስመረመረ። ሰውየው ፊደሉ ደብዝዟል ብሎ አዲስ ሰቀለ። በቃ፣ በሰደር፣ ሁሉ ደህና ነው፣ ቤቱ ጸዳ ተባለ። ጎንደር ደውሉልኝ ስትል ደግሞ መስመሩ አይሠራም ይሏታል። ከልጅ ልጇ ከታሊያ ሠርግ በፊት ጀምሮ፣ ያ መስመር እንዳልሠራ ነው።

አንድ ቀን ታች ቤት ወደሚኖሩት አያ ዳምጤ ወረደች። እሳቸው አገር ቤት ሳሉ መርዶ ነጋሪ ነበሩ፤ በጠዋት በር ካንኳኩ ሰው ሳይከፍት ለቅሶ ይጀምራል።

«አያ ዳምጤ፣ ሙት ለምን ይመላለሳል?»

ሽማግሌው ጫማቸውን እያዩ፣ «ያልተለቀሰለት ነው የሚመላለስ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ማየት ፈሩ። ያን ጊዜ ገባት። እሳቸውም ያውቁ ኖሯል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

መርዶ መደበቅ የአባት የእናት ወግ ነው፣ ማንም አይክድም። አገር ቤት ግን ቢዘገይ ቢዘገይ አዝመራው እስኪሰበሰብ ነው። እዚህ መጀመሪያ ሠርጉ ይለፍ፣ ከዚያ ፋሲካው ይለፍ፣ ከዚያ የልብ ምርመራዋ ይለፍ እያሉ ሙቷን ሜዳ ላይ አስቀሯት።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ወንዱ ምሳ ይበላል። የሠርጉን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ሳህኑ አጠገብ አኖረችለት።

«ይቺ መሐል ገብታ የምትጨፍረው ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ እማ።»

«እህቴ አፈር ለብሳ እኔን እስክስታ አስመታችሁኝ።»

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ልብሽን ፈርተን ነው፣ ሽማግሎቹም ይቆይ ብለው ነው አለ።

«ልቤ የእኔ ነው፤ ማን ሰጣችሁ? እሷ ሙታ እንኳ ከጎንደር ድረስ መጥታ ነገረችኝ። አንተ ከሳሎን መጥተህ መንገር አቃተህ።»

ፍራሿን ጎትታ መሬት ላይ ጣለች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ገባ። እሷም ከለቅሶዋ መሐል ቀና እያለች ሠርጉ ላይ ያጨበጨበላትን ሁሉ በስሙ ጠራችው፤ እጅህ አልቆረጠመህም ወይ እያለች።

ሲነጋጋ በመስኮት አየች። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ወንዱ ከፍራሹ ሥር ተንበርክኮ ይቅር በይኝ አላት።

ወንበሩን በአገጯ አሳየችው። «ይቅር የምትልህ እዚያ ተቀምጣ ነበር። አንተ መዙዛ አስቀየርክባት።»