የጋቢናው ወለል

መኪናዬ ሰውና ዕቃ የምጭንባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ሊብሬው ላይ ሰማያዊ ይላል፤ ሰማያዊውን ያየ ሰው ግን ጂንካ ውስጥ አልነበረም። ደንበኞቼ እሷን ማማት ይወዱ ነበር። በዚህች መኪና የሄደ መንገዱን በመስኮትም በወለሉም ያየዋል ይሉኝ ነበር። እኔም ለአየር ነው እላቸው ነበር። ጂንካ ዝናቡ ብዙ፣ ወይጦ ሙቀቱ ብዙ፤ ውሃም የሚያወጣ ነፋስም የሚያስገባ መኪና ማን አለው?

ቀዳዳውን ያመጣው ዝገት ነው። ዝገቱን ያመጣውን ግን ለማንም አልተናገርኩም። በዚያ በአብዮቱ ዘመን ጨው በኮታ ነበር፤ ያለ ፈቃድ የጫነ ኬላ ላይ ይወረስበታል። እኔ ከአርባ ምንጭ ስመለስ ሁለት ጆንያ ጋቢናው ወለል ላይ አጋድማለሁ፣ ምንጣፍ አለብሰዋለሁ፣ በምንጣፉ ላይ ደግሞ የእትዬን እግር አሳርፋለሁ። እትዬ የምላቸው ማርና ቅቤ እየወሰዱ አርባ ምንጭ የሚሸጡ፣ አባታቸው ከሰሜን መጥተው ጂንካ የሰፈሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። የጋቢናው የመስኮት በኩል መቀመጫ የእሳቸው ነው፤ መቼ እንደሰጠኋቸው አላስታውስም። የኬላው ጠባቂ እሳቸውን እግርዎን ያንሱ ለማለት አፍ አልነበረውም። ጨው ግን ያልባል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያለቅሳል፤ ብረቱን የጨረሰው የእሱ እንባ ነው።

ለዓመታዊ ምርመራ አርባ ምንጭ ሳቀርባት መርማሪው ወለሉን አይቶ ቦሎውን በስንት ልመና ሰጠኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሳታሠራ ብትመጣ ታርጋውን ፈትቼ አስቀራለሁ አለኝ። ታርጋ የሌላት መኪና ያለው ነጋዴ ትልቅ የዶሮ ቤት ያለው ሰው ማለት ነው። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም።

ብልጥ ነኝ ብዬ ራሴ ጀመርኩት። የዘይት ቆርቆሮ ጨፍልቄ ቀዳዳው ላይ አስተኛሁ፣ ስቱኮ ጋገርኩበት፣ ቀለም ቀባሁት። ደርቆ ሳየው ከፋብሪካ የወጣ መሰለኝ። ኮንሶ ሳንደርስ እትዬ እግራቸውን ዘርጋ ሲያደርጉ ወለሉን በስቶ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ገባ። እግሩን አወጣነው፤ ጫማው ቀረ። ወደኋላ ስንመለስ አንድ ከብት ጠባቂ ጫማውን ይዞ ሁለተኛውን ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲፈልግ አገኘነው።

እትዬ ጫማቸውን እያራገፉ፣ «አንተ ልጅ፣ ሳልሞት ከእግሬ ጀምረህ ልትቀብረኝ ነው?» አሉኝ።

ምርመራው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጂንካ ውስጥ ብየዳ የለም፤ መብራቱ የሚመጣው ሲመሽ፣ እሱም አምፖል የሚያበራው ተለምኖ ነው። የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ ከከተማው ዳር፣ ከአሪ መንደሮች ባንዱ የሚኖር ብረት ቀጥቃጭ። የመኪናዬን የተሰበረ ባሌስትራ ስሸጥለት ኖሬያለሁ፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ዶማና ቢላዋ ያወጣል። መኪናዬን ሲያያት ሳቀ።

«ይህችን አውቃታለሁ። ግማሿ ገበሬው ቤት ነው ያለው» አለኝ።

ሥራውን የጀመረው በጆሮው ነው። ትንሽ መዶሻ ይዞ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ቶክ ቶክ አደረገ። ደህናው ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር በከሰል ይከብበዋል። ክቦቹ እየሰፉ፣ እርስ በርሳቸው እየተጋቡ ሄዱ። ኧረ ይህን ያህል ቀዳዳ የለውም ብዬ ተለማመጥኩት። ነበረው፣ አንተ ነህ ቀለም ቀብተህ ያኖርከው አለኝና የእኔን ስቱኮ በሁለት ምት አረገፈው። ከዚያ ዝገቱን በጣቱ ነካ አድርጎ ምላሱ ላይ አኖረው። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ዞሬ ተራራ አየሁ።

«ጨው ነው» አለኝ።

የተበላውን ሁሉ ደህናው ብረት እስኪገኝ ቆርጦ ጣለው። በመጨረሻ የቀረኝ መቀመጫና መሪ ብቻ ነበር፤ በመሃል ሣር ይታያል። ከባዶ የነዳጅ በርሜል ላሜራ ቆረጠ፣ በቀዳዳው ልክ ደበደበ፣ ከወፍራም ሽቦ ሚስማር ሠራ። ሚስማሩን በፍም አግሎ ያስገባል፤ እኔ መኪናዋ ሥር ተጋድሜ በትልቅ መዶሻ ከታች እደግፋለሁ፤ እሱ ከላይ የሚስማሩን ራስ ይቀጠቅጠዋል። ፍንጣሪው ሸሚዜ ውስጥ ሲገባ ከላይ ሆኖ ጨው ይሻላል ወይስ ይሄ እያለ ይጠይቀኛል። አራት ቀን ፈጀ። ስፌቱን በሬንጅ ደፈነው። ላዩ ላይ ቆሜ ዘለልኩ፤ እንደ አለት ነው።

ዋጋውን ስጠይቀው ገንዘብ አልፈልግም አለ። አርባ ምንጭን አይቼ አላውቅም፣ ለምርመራው ስትሄድ ጋቢና ተቀምጬ እሄዳለሁ አለኝ። ከኋላ ስፖንዳው ላይ ነፋሱ ጥሩ ነው ብዬ ሞከርኩ። ነፋስ መንደሬም አለ አለኝ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። በአሪ ልማድ ቀጥቃጭ ከገበሬው ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም። ከሰሜን የመጣነውም በዶማው እንቆፍራለን፣ በቢላዋው እንከትፋለን፣ ዓይኑን ግን እንፈራለን። አብዮቱ ሁሉም እኩል ነው ብሎ በድምፅ ማጉያ ተናግሯል፤ ድምፁ ግን ጋቢና ድረስ አልገባም ነበር።

በጉዞው ጠዋት ቀጥቃጩ ሸሚዙን አጥቦ፣ ቀድሞ መጥቶ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። እትዬ የማር እንስራቸውን አስጭነው መጡና በሩን ከፈቱ። አዩት። አየኋቸው። እኔ ዘይት የመለካት ሥራ በድንገት መጣብኝና ኮፈኑ ሥር ገባሁ። ከዚያ እትዬ እግራቸውን አንስተው ወለሉን አንዴ ረገጡት። ደግመው ረገጡት።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«መስኮቱ የኔ ነው፣ ጠጋ በል» አሉትና ገቡ።

መሃል መቀመጥ ማለት ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጉልበትን መመታት ነው። ቀጥቃጩ እስከ አርባ ምንጭ አንድም ጊዜ አላማረረም። እትዬ በበኩላቸው እስከ ወይጦ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አዩ፤ ከኮንሶ በኋላ ለቡናቸው መውቀጫ ዘነዘና መሥራት ይችል እንደሆነ ጠየቁት።

መርማሪው ያው ባለፈው ዓመት ያየኝ ነው። ሁላችንንም አስወርዶ ምንጣፉን ገለጠ፣ በካቻቪቴ ጠቀጠቀው፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ወጥቶ ዘለለበት። ወለሉ ንቅንቅ አላለም። የት ጋራዥ ነው ያሠራኸው አለኝ። እውነቱን ልናገር፦ ዶማ ሠሪ ሠራው ብል ታርጋዬን ይፈታል ብዬ ፈራሁ። አዲስ አበባ አልኩ። ቀጥቃጩ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ።

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህች መኪና አዲስ አበባ ደርሳ ብትመለስ ኖሮ ጂንካ በከበሮ ይቀበላት ነበር። የሠራው እሱ ነው፣ ይኸው ቆሟል» አሉ።

መርማሪው ከእኔ ወደ ቀጥቃጩ፣ ከቀጥቃጩ ወደ ሚስማሩ ራሶች አየ። ወርዶ ከሥር በባትሪ ተመለከተ። ሲነሣ ጉልበቱን እያራገፈ፣ የእኛም መኪና ወለሉ አልቋል፣ ምን እንደበላው አይተህ ንገረን አለው። ቀጥቃጩ ሄዶ ጎንበስ አለ፣ ዝገቱን ነካ፣ ቀመሰ።

«ይሄ ዝናብ ነው» አለ፤ ከዚያ እኔን እያየ፣ «ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም።»

ቦሎው ተለጠፈ።

ስንመለስ ጋቢናው ወለል ላይ ምንጣፍ ብቻ ነበር። እትዬ በሩ ጋ ቆመው፣ ዛሬ ከእግሬ ሥር የሚቀመጥ የለም ወይ አሉኝ። የለም አልኩ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ጉልበቴን አጥፌ ስቀመጥ እርጅና መስሎህ ነበር?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀድመው ገቡና መሃል ተቀመጡ። ቀጥቃጩ መስኮቱ የእርስዎ ነው ብሎ በሩ ላይ ቀረ። ነፋስ ይገባል፣ ጆሮዬን ያመኛል አሉት።

የዚያ በር መስታወት ዝገት ይዞት፣ ተዘግቶ አልወርድ ካለ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።